ማደሪያችሁ ቆላ፣ መዋያችሁ ደጋ ይሁን፦ ስፕሪንግ ብሬክን ሸናንዶዋ ለማሳለፍ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ 14፣ 9 እና 6 ዓመታቸው ነው። መሃለኛዋ አራተኛ ክፍል ናት። ስፕሪንግ ብሬካቸው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይውላል። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን አለች። 71 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። ባለቤቴ ጋትሊንበርግ፣ ቴነሲ እንሂድ ይላል። እኔ ደግሞ ሸናንዶዋ ተራራ አናት ላይ ካቢን ተከራይተን አራት ሌሊት ብናድር፣ አረንጓዴውንና አበባውን ብናይ ደስ ይለኛል። ዲሲ ቼሪው ስላበበ እዚያም ያበበ ይመስለኛል። ትልቁ ልጄ ኦልድ ራግ የሚባለውን ተራራ ካልወጣሁ ብሏል። የምፈራው ከፍታው እናቴን እንዳያማት ነው። መኪናችን ተራ ሲዳን ናት። ምን ይሻለናል?»

ምላሽ፦ ከፍታውን ከጭንቀትዎ ያውጡት። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ትልቁ ጫፍ ሆክስቢል ይባላል። 4,051 ጫማ ነው፤ በሜትር 1,235 ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለችው 2,355 ሜትር ላይ ነው። እናትዎ ከዚህ ተራራ አናት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብለው ነው የኖሩት። ባለቤትዎ ያሰቡት ጋትሊንበርግ አጠገብ ያለው ትልቁ ተራራ ኩዎሂ እንኳ 2,025 ሜትር ነው። እሱም ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አየር አያጥራቸውም። የሚያስቸግራቸው ብርዱ፣ ነፋሱ፣ ዳገቱና ጠመዝማዛው መንገድ ነው። ሐኪማቸውን የሚጠይቁ ከሆነም ስለ ዳገትና ስለ ብርድ ይጠይቁላቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ አረንጓዴው ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። የካቢኑ ፎቶ በሐምሌ ወይም ቅጠሉ ቀይ በሚሆንበት በኦክቶበር የተነሳ ነው። እናንተ የምትደርሱት ግን ዛፉ ራቁቱን ቆሞ፣ መሬቱ ያለፈው ዓመት ደረቅ ቅጠል ለብሶ ነው። ልጆቹ «አበባው የታለ?» ይላሉ።

ይህን ነገር እኛ ለመረዳት አይከብደንም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ስንል ነው ያደግነው። ቆላው ላይ የደረሰ ነገር ደጋው ላይ ገና ነው። ጸደይም እዚህ ከቆላ ወደ ደጋ ቀስ እያለ ይወጣል። የፓርኩ ሰዎች አረንጓዴው በቀን ወደ 100 ጫማ ያህል ሽቅብ ይወጣል ይላሉ። እስቲ እናስላው። ከተራራው ሥር ያለችው ሉሬይ ከተማ ከ1,000 ጫማ በታች ናት። በተራራው ጀርባ ላይ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ ከፍተኛ ቦታው 3,680 ጫማ ነው። በመካከላቸው ከ2,700 ጫማ በላይ አለ። በቀን መቶ ጫማ ከሄደ ወደ አንድ ወር ይጠጋል ማለት ነው። ሸለቆው ኤፕሪል ላይ ሲለመልም አናቱ ሜይን ይጠብቃል። የዲሲ ቼሪ የቆመው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ ውሃ ዳር ነው። ስለ ተራራው አናት ምንም አይነግርዎትም።

ታዲያ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ መሄድ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ በጣም የምወደው ጊዜ ነው። ቅጠል ስለሌለ ተራራው ጀርባ ላይ ሆነው ሸለቆውን በሁለቱም በኩል በዛፎቹ መካከል አሻግረው ያያሉ። በጋ ላይ ያ ሁሉ በቅጠል ይጋረዳል። ፏፏቴዎቹ ውሃቸው ሙሉ ነው። አበባም አለ፤ ግን ሽቅብ አይፈልጉት። ዛፉ ቅጠል አውጥቶ ጥላ ከማጥላቱ በፊት ፀሐይ መሬት ድረስ ትደርሳለች። ትንንሾቹ የጫካ አበቦች ያቺን አጭር ጊዜ ተሻምተው ነው የሚያብቡት። ጥላው ሲመጣ ይከስማሉ። ለስድስት ዓመቱ ልጅ ይህን ንገሩትና መሬት መሬት እያየ አበባ ይልቀም ሳይሆን ይቁጠር፤ ፓርኩ ውስጥ አበባ መቅጠፍ አይፈቀድም። ቆላው ላይ ደግሞ ሬድበድ የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ሳይወጣ ሐምራዊ አበባውን የሚያወጣው በኤፕሪል ነው። በወንዙ ዳር ሰማያዊ አበባ ማየት ከፈለጋችሁ ቤንተንቪል አጠገብ ያለው የሸናንዶዋ ወንዝ ስቴት ፓርክ ብሉቤል ያበቅላል። በደህና ዓመት በኤፕሪል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አናት ላይ አትደሩ። ቆላ እደሩ፣ ደጋ ዋሉ።

ምክንያቴን ልዘርዝር። በመጀመሪያ ያዩት ካቢን ፓርኩ ውስጥ አይደለም። ፓርኩ ውስጥ ግለሰብ የሚያከራየው ቤት የለም። እዚያ ያሉት ዋና ዋና ማረፊያዎች ስካይላንድ፣ ቢግ ሜዶውስ ሎጅና የሉዊስ ማውንቴን ካቢኖች ናቸው። እነሱም ክረምት ይዘጋሉ፤ በኤፕሪል መጀመሪያ ክፍት የሚሆኑት አንዳንዶቹ ብቻ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ «ሸናንዶዋ ተራራ» የሚል ስም ያለው ቤት ከፓርኩ ውጭ፣ ብዙ ጊዜ የጠጠር መንገድ ያለው ገደላ ገደል ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ቤተሰብ ይዤ እንደዚህ ያለ ቤት ተከራይቼ ነበር። ኤፕሪል ነው ብለን ተማምነን ነው የሄድነው። በሁለተኛው ሌሊት ጥቂት በረዶ ጣለ፤ ጠዋት የቤቱ መውጫ ብርጭቆ መስሏል። አከራዩ ስንደውል «ፎር ዊል መኪና ያስፈልጋል ብዬ ጽፌያለሁ» አለን። እውነትም ገጹ መጨረሻ ላይ በትንሹ ጽፎታል። እስከ ቀትር ቆመን ጠበቅን። አንዱ ልጅ አስም ነበረበት፣ መድኃኒቱ ደግሞ ከተማ ነበር። ያን ጠዋት አልረሳውም። ሲዳን ይዘው፣ እናትዎን አሳፍረው እዚያ ውስጥ እንዲገቡ አልፈልግም።

ሌላው ምክንያት ደመና ነው። ስካይላይን ድራይቭ ያለበት አናት ከሸለቆው በ10 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ከዚያም ይብሳል። ሉሬይ ላይ ዝናብ ብቻ ሲሆን አናቱ ላይ በረዶ ወይም ወፍራም ጉም ሊሆን ይችላል። በረዶ ሲጥል ፓርኩ መንገዱን ይዘጋል። መንገዱ ስለተዘጋ የካቢን ኪራይ የሚመልስ ሰው ደግሞ እምብዛም አያጋጥምም። ቆላ ካደራችሁ ግን አናቱ ሲዘጋ ሌላ የምትሄዱበት አለ። ሲከፈት በግማሽ ሰዓት ትደርሳላችሁ።

ስለዚህ ሉሬይ ከተማ ውስጥ ወይም ዳርቻዋ ላይ፣ በአስፋልት የሚገባበት፣ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራዩ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አከራዩን በጽሑፍ ይጠይቁት፦ በር ድረስ አስፋልት ነው ወይ? ከመኪና እስከ በር ስንት ደረጃ አለ? መሬት ላይ ያለ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ አለ? ማሞቂያው በሁሉም ክፍል ይሠራል? ብሰርዝ እስከ መቼ ድረስ ገንዘቤ ይመለሳል? የደረጃውን ጥያቄ አይዝለሉት። ብዙዎቹ ካቢኖች መኝታቸው ፎቅ ላይ፣ ደረጃቸውም ቀጥ ያለ ነው። እናትዎ ሌሊት ተነስተው ቢወርዱ ችግር ነው።

አራት ሌሊት የሚለው ደህና ነው፣ ግን ሦስት ይበቃል። ሰኞ ሄዳችሁ ሐሙስ ተመለሱ። ዓርብ ከሰዓት በአይ-66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ መውጣት ማለት ልጆቹ ገና ማናሰስ ሳይደርሱ «ደረስን ወይ?» ማለት ይጀምራሉ ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት የሥራ ሰዓቱ መጨናነቅ ካለፈ በኋላ ብትነሱ ከአሌክሳንድሪያ ሉሬይ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ጋትሊንበርግን በተመለከተ ባለቤትዎ መጥፎ ቦታ አልመረጡም። ከተማዋ አጠገብ ያለው ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ በአገሪቱ ብዙ ሰው የሚጎበኘው ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በ2024 ከ12 ሚሊዮን በላይ ጉብኝት ተመዝግቧል። ችግሩ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ከእናንተ ቤት ስምንት ሰዓት ገደማ መንዳት አለ፤ ከመቆሚያ ጋር አሥር ይሆናል። ሄዶ መመለስ ሁለት ቀን ይበላል። ተራራው ከሸናንዶዋ ስለሚበልጥ አናቱ ላይ ጸደይ ይበልጥ ይዘገያል። ወደ ኩዎሂ የሚያወጣው መንገድ ራሱ ክረምቱን ተዘግቶ የሚከፈተው ኤፕሪል 1 ነው፤ አየሩ ከፈቀደ። ኬድስ ኮቭ የሚባለው 11 ማይል ዙሪያ መንገድ በዕረፍት ሳምንት መኪና ላይ መኪና ነው፤ ድብ ታየ ከተባለማ ሰዓታት ይወስዳል። እናትዎን ለዚያ ሁሉ መቀመጥ አላጫቸውም። ሙሉ ሳምንት ሲኖራችሁ፣ ኤፕሪል መጨረሻ ወይም በመከር ሂዱ።

ወደ ሸናንዶዋ እንመለስ። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ግን እርስዎ መክፈል የለብዎትም። መሃለኛዋ ልጅዎ አራተኛ ክፍል ናት ብለዋል። መንግሥት ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የብሔራዊ ፓርኮች ነጻ መግቢያ ይሰጣል፤ አብሯት መኪናው ውስጥ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ ይዞ ያስገባል። ከትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ እስከ ኦገስት መጨረሻ ይሠራል። «ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ» በሚለው ድረ ገጽ ራሷ ጥያቄዎቹን መልሳ ታውጣው፤ በወረቀት አትማችሁ ያዙ። በር ላይ ወረቀቱን እሷ ትስጥ። ያቺ ቀን የእሷ ቀን ትሆናለች።

ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው። ሁሉንም ልንዳ አይበሉ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ አጋዘን ደግሞ በየመታጠፊያው ይወጣል። ለእናንተ የሚበቃችሁ በቶርንተን ጋፕ በር፣ ማለትም ማይል 31.5 ላይ ገብታችሁ እስከ ቢግ ሜዶውስ፣ ማይል 51 ድረስ ያለው ነው። ከሉሬይ በ211 መንገድ ቀጥታ ይወጣል። ፓርኩ ውስጥ አድራሻ የሚባለው የማይል ምልክቱ ነው። ጂፒኤስን አትመኑት፤ የእግር መንገዶቹን ሲፈልጉ ከፓርኩ ውጭ ባለው ገጠር ሊያዞራችሁ ይችላል። ስልክም በብዙ ቦታ አይሠራም። ካርታውን ቤት ሆናችሁ አውርዱት፣ ነዳጅም ሉሬይ ሙሉ። ስትመለሱ በ211 ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ቀንሰው ይውረዱ፤ ፍሬን ላይ ብቻ ተንጠልጥለው አይውረዱ። የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ፊት ወንበር ይቀመጥ።

ከሦስቱ ቀን የትኛውን አናት ላይ እንደምትውሉ አስቀድማችሁ አትወስኑ። ማታ ማታ ትንበያውን እዩ፣ ጠዋት ደግሞ ፓርኩ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ካሜራ ክፈቱ። ካሜራው ነጭ ብቻ ካሳየ ተራራው ደመና ውስጥ ነው። ያን ቀን ሉሬይ ዋሻ ግቡ። በ1878 የተገኘ ዋሻ ነው። ክረምት ከበጋ 54 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ ዝናብ አያገኘውም። ከጣሪያ የተንጠለጠሉትን ድንጋዮች እየመታ ዜማ የሚያወጣ ኦርጋን አለበት፤ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚያዩት። መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ ግን ከአንድ ማይል በላይ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለትም አለው። እናትዎ ቀስ ብለው ቢሄዱ የሚችሉት ይመስለኛል። ጉልበታቸው ደካማ ከሆነ ግን አያስገድዷቸው።

ሰማዩ የጠራ ቀን ሲመጣ በጠዋት ውጡ። ለእናትዎ የሚሆነው ማይል 43 ላይ ያለው ሊምበርሎስት የሚባለው የእግር መንገድ ነው። 1.3 ማይል ዙሪያ ነው፣ ሜዳ ነው፣ መቀመጫ ወንበሮች አሉት። ሌሎቹ ስቶኒ ማን የሚባለውን ጫፍ ይውጡ፤ ደርሶ መልስ 1.6 ማይል ነው፣ የስድስት ዓመት ልጅም ይወጣዋል። ጫፉ ላይ ገደል ስላለ እጁን ይዛችሁ ቁሙ። ዳርክ ሆሎው ፏፏቴን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። 1.4 ማይል ብቻ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። መጀመሪያ ቁልቁል ነው፣ ሲመለሱ ነው ዳገቱ የሚመጣው። የደከመ ሰው የሚወጣበት ጊዜ ነው ማለት ነው። እናትዎ አይውረዱ። ልጆቹም ፏፏቴው ላይ ካለው እርጥብ ድንጋይ ላይ እንዳይወጡ፤ ያ ድንጋይ ሳሙና ነው።

ኦልድ ራግ አይሆንም። ልጅዎ ቅር ይለዋል፣ አውቃለሁ። ግን ከዘጠኝ ማይል በላይ ነው፤ በእጅ እየቧጠጡ የሚወጡት ቋጥኝ አለበት፤ ሲርጥብ አደገኛ ነው። መግቢያውም በሌላ በኩል ነው፣ ከስካይላይን ድራይቭ አይገባም። ከማርች 1 ጀምሮ አስቀድሞ የሚገዛ የቀን ትኬትም ይጠይቃል። በምትኩ አባቱ ሆክስቢልን ይዞት ይውጣ። ማይል 46.5 ላይ መኪና ቆሞ ደርሶ መልስ 2.1 ማይል ነው። የፓርኩ ከፍተኛው ጫፍ ነው፤ ለጓደኞቹ የሚያወራው ነገር ያገኛል። የ14 ዓመት ልጅ ስለሆነ ሌላም ነገር ይንገሩት። ሉዊስ ማውንቴን፣ ማይል 57.5 ላይ ያለው፣ በ1939 ሲከፈት ጥቁሮች ከነጮች ተለይተው እንዲያርፉበት የተሠራ ነበር። ዛሬ እሱ ማንንም ሳይጠይቅ የሚቆምበት ቦታ ነው። ጊዜ ካላችሁ እስከዚያ ድረስ ንዱ።

ለልብስ ብዙ አልልም። ለእናትዎ ጋቢያቸውን ይዘው ይምጡ፤ መኪና ውስጥና ማታ ቤት ውስጥ የሚተካው የለም። ተራራው ላይ ግን ጋቢ ብቻውን ነፋስ ያሳልፋል፤ ከረጠበም አይሞቅም። ከላዩ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይደርብ። ጫማቸው መሬት የሚቆነጥጥ ሶል ይኑረው። አንድ ነገር ደግሞ እለምንዎታለሁ፦ የጎብኚ የጤና ኢንሹራንስ ከሌላቸው ከመነሳታችሁ በፊት ይግዙላቸው። አንድ መውደቅ የሚያመጣው የሆስፒታል ሂሳብ ቤተሰብ ያናጋል።

ስፕሪንግ ብሬክ አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ነው የሚወድቀው። እናትዎ ጾመኛ ከሆኑ ሉሬይ ላይ የሚበሉት እናገኛለን ብላችሁ አትሂዱ። እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን ከቤት ያዙ፤ ወጥ ቤት ያለው ቤት ያልኩትም ለዚህ ነው። ለመንገድ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፣ ለጠዋት በሶ ይኑር። ቡና ግን ቆልታችሁ ያዙ። ኪራይ ቤት ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ የጭስ ማንቂያውን ያስጮኸዋል፤ ለሽታውም የጽዳት ክፍያ የሚጠይቁ አከራዮች አሉ። ምግብ የነካ ቆሻሻ ደጅ አታሳድሩ። ጥቁር ድብ በዚህ ወቅት ከክረምት መኝታው ወጥቶ ተርቦ ነው የሚዞረው። ካያችሁት መኪና ውስጥ ሆናችሁ እዩት እንጂ ለፎቶ አትቅረቡት።

ማታ እሳት አንድደን እንሙቅ ካላችሁ የቨርጂኒያን ሕግ እወቁ። ከፌብሩዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 30 ጫካ አጠገብ ከቀኑ አሥር ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 4 ፒኤም) በፊት ሜዳ ላይ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ያ ደረቅ ቅጠል በአንዲት ፍንጣሪ ነው የሚቀጣጠለው። ከአሥር ሰዓት በኋላም ነፋስ ካለ ተዉት።

መዥገርን ደግሞ አትርሱ። በኤፕሪል ወጥታለች፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ማታ ማታ የልጆቹን ጭንቅላት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ከጉልበት ኋላ ፈትሹ። የተጣበቀች ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው ጥግ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በክብሪት ማቃጠል ወይም ቅቤ መቀባት የሚባለውን ተዉት። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም የሚሰፋ ቀይ ምልክት ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ መዥገር እንደነከሳቸውም ተናገሩ።

ዛሬ ማድረግ ያለብዎት ሁለት ነገር ነው። የአናቱን ካቢን ካስያዙት፣ ገንዘቡ የሚመለስበት ቀን ሳያልፍ ይሰርዙት። ከዚያ ሉሬይ ላይ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በአስፋልት የሚገባበትና ምድር ቤት መኝታ ያለው ቤት ይያዙ።